ክሬሙ እስኪቀልጥ ድረስ ዴሰርት ነበር

ቪዲዮውን ያላያችሁት አትፈልጉት። ያያችሁት ደግሞ፣ አዎ፣ ትሪ እንደያዘች ደርቃ የቀረችው ሴትዮ እኔ ነኝ።

ሰላም ብያለሁ!

«ጎንደር ላይ በሰርግ ንፍሮ አበሉ» እየተባለ ከትናንት ጀምሮ የሚዞረው ወሬ እውነት ነው። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ደግሞ ደክሞኛል። ቀሐ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጬ ክሬም የደረቀበት የፕላስቲክ ኩባያ እያጠብኩ ነው። ስልኬ ራሱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ትናንት እሁድ የታናሽ እህቴ የስመኝ ሰርግ ነበር። እናታችን ከሞተች ዓመት አልፏታል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ስመኝ ነን፤ ከእኛ በላይ ያሉት አጎታችን አያ ሙሉ ብቻ ናቸው።

ስመኝ ለሰርጓ ወርቅ አላለችም። ፎቶግራፈር አላለችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«እትዬ፣ በሰርጌ ቀን እንዳላለቅስ አድርጊኝ።»

በቃ፣ ይቺን ብቻ።

እሺ አልኳት። ምን ችግር አለው!

ችግሩ ድንኳን ነበር። የእድራችን ድንኳን በቀላሉ ይገኛል። ግን ስመኝ የእማዬን ለቅሶ የተቀመጠችው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። የቱ ጋ እንደተቀደደ፣ በምን ክር እንደተሰፋ ሁሉ ታውቃለች። እዚያው ውስጥ በሙሽራ ልብስ ላስቀምጣት? አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ ነጭ መጋረጃና አምፖል ያለው የዲኮር ድንኳን ተከራየን።

ድንኳኑ ኬኩን በላው።

የቀረችኝን ብር ይዤ ኬክ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ የባለ ደረጃውን ኬክ ዋጋ ነገረችኝ። «እህቴ፣ ልንበላው ነው እንጂ ልንኖርበት እኮ አይደለም» ብያት ወጣሁ።

አያ ሙሉ መፍትሔ ነበራቸው። «ምነው፣ ዳቦው ምን ሆነና! ሸጋ ድፎ ተጋግሮ ቢቆረስ ምን ይለዋል!»

ልክ ነበሩ። ይህን አስምሩበት፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልክ የሆነ ሰው እምብዛም አታገኙም።

እኔ ግን ዳቦ ፎቶ ላይ አያምርም አልኩ። ዳቦ ፎቶ ላይም ዳቦ ነው!

መጀመሪያ ቦምቦሊኖ ደራርቤ ማማ ሠራሁ፣ ለሙከራ። ዘይቱ ከላይ ወደ ታች ወረደና የታችኞቹን አራሳቸው። ማማው ዘመመ። ዶሮዎቻችን በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ጠግበው አያውቁም። ቀጥሎ በብስኩት ሞከርኩ፤ ብስኩቱን ራሴ በላሁት፣ ከንዴት የተነሣ።

ከዚያ ያንን የተረገመ ቪዲዮ አየሁ።

አንዲት ጥፍሯን የተሠራች ፈረንጅ በሚያብረቀርቅ ኩባያ ውስጥ የተቀቀለ ስንዴ ታደርጋለች። ማር ታፈስበታለች። አልሞንድ ትበትንበታለች። ከላይ ክሬም፣ ክሬሙ ላይ ደግሞ ፍሬ። ለሰርግ ኬክ ርካሽ አማራጭ!

ስንዴ! እኛ ቤት ስንዴ ጠፍቶ ያውቃል?

አሁን ተከተሉኝ። ጥፋት እንዴት በትንሽ በትንሹ እንደሚሠራ ልብ በሉ።

አልሞንድ ውድ ነው። በኦቾሎኒ ልተካው አልኩ፣ ኦቾሎኒም ተወዷል። አያ ሙሉ ከኮላ ድባ ያመጡት ሽምብራ ግን ጓዳ ውስጥ አለ። ድቡልቡል ነው፣ ቢጫ ነው፣ ሲነከስም ደስ ይላል። ሽምብራ ይሁን!

ማሩ ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም። ቀነስኩት። ቀምሼ እንደገና ቀነስኩት።

ፈረንጇ ደግሞ ጣፋጭነቱ እንዲወጣ ጨው ቆንጠር አድርጉበት ብላለች። ለትልቅ ድስት ስንት ቆንጠር እንደሚሆን ስላላወቅኩ በእፍኝ አደረግኩት።

እንግዲህ ደምሩት። የተቀቀለ ስንዴ። የተቀቀለ ሽምብራ። ጨው።

እናንተ ገባችሁ አይደል? እኔ አልገባኝም!

እውነቴን ነው፣ አልገባኝም። ስሙን «ስዊት ካፕ» ብዬዋለሁ። ሰው ለአንድ ነገር የእንግሊዝኛ ስም ካወጣለት በኋላ ነገሩ ምን እንደሆነ አይታየውም። ደግሞ በዓይነ ሕሊናዬ የማየው ክሬሙን ነው። ከክሬሙ ሥር ያለውን ማን ያያል?

ቅዳሜ ዕለት ከእድሩ የተዋስኩትን ትልቅ ድስት ግቢ ውስጥ ጥጄ ስንዴዬን ስቀቅል ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ በአጥር ብቅ አሉ። ድስቱን አዩ። ሽምብራውን አዩ። ወደ ቤታቸው ገቡ። ትንሽ ቆይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መጡ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ትከሻዬን ይዘው።

ይህ ቃል ለቅሶ ቤት ነው የሚባለው። አውቃለሁ። ማን ያጣዋል! ግን ከጠዋት ጀምሮ ጭስ ውስጥ ነበርኩ፣ ዓይኔ ይነድዳል፣ ወገቤ ተቆርጧል። ጉልበት ይስጥሽ ያሉኝ መሰለኝ።

«አሜን እማማ! ሥራው እኮ ከባድ ነው!» አልኳቸው።

ዓይናቸውን እያበሱ ሄዱ። ምን ዓይነት ደግ ሴት ናቸው አልኩ።

አያ ሙሉም መጡ። ክዳኑን ከፍተው ብዙ አዩት።

«ምንድን ነው?»

«ዴሰርት ነው፣ አያ።»

«ደ… ምን?»

«ጣፋጭ!»

አንድ ፍሬ አንሥተው ቀመሱ። አላመጡ። «እንግዲህ የዘመኑን እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ክዳኑን ቀስ አድርገው መለሱት።

ሰው ይህን ሁሉ እያየና እየሰማ እንዴት አይነቃም?

እሁድ ጠዋት ክሬሙን መምታት ስጀምር መብራት ጠፋ። በሹካ መታሁት! ያን ሁሉ ክሬም፣ በሹካ! ቀኝ እጄ እስካሁን ከጆሮዬ በላይ አይነሣም። ግን ቆመልኝ። በየኩባያው አናት ላይ ነጭ ሆኖ ጉብ ሲል፣ ላዩ ላይም አንዳንድ ዘቢብ ሳስቀምጥበት፣ እንባዬ መጣ። እማዬ ብታየኝ አልኩ። ከዚያ ዛሬ አይለቀስም ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

ሙሽራው ዲያቆን ነው። ቤተሰቡም በሙሉ የቤተ ክህነት ሰው። በተክሊል ተጋብተው፣ ካባቸውን እንደደረቡ በእልልታ ድንኳኑ ገቡ። ስመኝ ስታምር! ፊቷ ላይ የእንባ ምልክት የለም። ከሩቅ አየችኝና በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ይኸው፣ ቃሌን ጠበቅኩ አልኩ በልቤ።

ምሳ ተበላና የእኔ ሰዓት ደረሰ። ትሪዎቹ ሲወጡ ወጣቶቹ «ዋው!» አሉ። እንዳትረሱት፣ ዋው ተብሎልኛል! ያኔውኑ ቢበላ ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ።

ግን መጀመሪያ ምርቃት አለ።

መራቂው የሙሽራው አባት ናቸው፣ ቄስ። ከአብርሃምና ከሣራ ጀመሩ። ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘመን ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። የጥር ፀሐይ ደግሞ ያንን ቀጭን ነጭ ጨርቅ ሰንጥቃ ትገባለች። የእድሩ ድንኳን ወፍራም ሸራ ነበር፣ ጥላውም የሚገርም። እርሱት።

ይስሐቅ ላይ ሲደርሱ ክሬሙ ማላብ ጀመረ። ራሔል ላይ ዘቢቦቹ ሰመጡ። «አሜን» ስንል ክሬም የሚባል ነገር አልነበረም።

የቀረው ስንዴና ሽምብራ ነው።

ሁላችንም በየእጃችን ንፍሮ ይዘን ተቀምጠናል። ከለቅሶ ቤት ውጭ፣ በሰርግ፣ ያውም በዲኮር!

ሰዉ ኩባያውን ያያል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰው ያያል። ሁሉም ጨዋ ስለሆነ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔም ገና ያኔ፣ በዚያች ደቂቃ፣ የሠራሁት ምን እንደሆነ ገባኝ።

ፊት ለፊት የተቀመጡት የሙሽራው አያት፣ እማሆይ ናቸው። ዓይናቸው አያይም። ክሬሙን አላዩም፣ ዘቢቡንም አላዩም። ኩባያውን ተቀበሉና ጣታቸውን ሰደዱ። ስንዴውን ዳበሱት። ሽምብራውን ዳበሱት። ከዚያ ቀና አሉና…

«ነፍስ ይማር!»

ጮክ ብለው!

ወገን፣ ሰው ከለመደ አፉ የት ያመልጣል? ዕድሜ ልኩን ንፍሮ በተቀበለ ቁጥር የሚለው ይህንኑ ነው። ከኋላ አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ቀጥሎ ያለው ተቀበለው። ድንኳኑን ዞረ። መራቂው ቄስ ሳይቀሩ «ነፍስ ይማር» ካሉ በኋላ አፋቸውን ያዙ። መድረክ መሪው ምርቃቱ የቀጠለ መስሎት በማይክ «አሜን!» አለ።

ቪዲዮው ላይ የደረቅኩት እዚህ ጋ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ለመንኩ። መሬትም ልመናዬን አልሰማችም።

«ማን ነው ያረፈው፣ የኔ ልጅ?» አሉ እማሆይ፣ ፊታቸውን ወደ ሙሽሮቹ መልሰው።

«ማንም አላረፈም፣ ኬክ ነው!» ልል አፌን ከፈትኩ።

«እናቴ ናት» አለች ስመኝ።

ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና፣ ካባዋን እንደደረበች።

ከዚያ አለቀሰች። ትንሽ አይደለም። ኩሉ ከነእንባው ጉንጯ ላይ ወረደ። እኔ ድንኳን ቀይሬ፣ ኬክ ትቼ፣ የእማዬን ፎቶ እንኳን ከሳሎን አንሥቼ የሸሸሁትን ነገር በኩባያ በኩባያ ሞልቼ በገዛ እጄ አደልኩት! አንድ ነገር ብቻ ጠይቃኝ ነበር። አንድ ነገር!

እማሆይ የእማዬን የክርስትና ስም ጠየቁ። ስመኝ በሳግ መሐል ነገረቻቸው። እማሆይም ስሟን እየጠሩ ትንሽ ዘግነው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። እሳቸው ሲበሉ ሁሉም በላ። ጥርግ አድርገው በሉት! ጨውም ልክ ነው ያሉ አሉ።

መዝሙሩ ቀጠለ፣ እልልታውም ተመለሰ። ስመኝ ግን ስትወጣ ቀና ብላ አላየችኝም። መኪናው በር ላይ እጇን ያዝኩት፤ እጇ ዝም አለኝ። ልብሱ ከብዷት ነው ትሉኝ ይሆናል። እህቴን አውቃታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቪዲዮው ደረሰኝ። የማውቀው ሰው ሁሉ ላከልኝ፣ እዚያ ያልነበርኩ ይመስል። ኮሜንቶቹንም አነበብኩ። «ጸሎተ ሐሙስ ዘንድሮ በጥር ገባ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ለመልሱስ ምን ታሰበ፣ ተዝካር?» ይላል ሌላው። ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ጥሩ ነገር ነው የጻፉት።

እማማ ጥሩነሽም ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ መጡ። ከቅዳሜ ጀምሮ ማን እንደሞተ ሲጨነቁ ከርመዋል ለካ። በሰርግ ዋዜማ እንዴት ይጠየቃል ብለው ዝም አሉ እንጂ።

«ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እሳቸውን ሸኝቼ ኩባያዎቼ ጋ ስመለስ ስልኬ ጠራ። ስመኝ ናት።

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ አነሣሁት። እንዴት አደርሽ የለ፣ ምን የለ።

«እትዬ፣ ያ ነገር ተርፏል?»

«የቱ? ዴሰርቱ?»

«ንፍሮው።»

ድስቱን አየሁት። «ሥሩ ላይ ትንሽ አለች» አልኳት። «ክሬም ያልነካት።»

«እሷን አስቀምጪልኝ። ነገ ለመልስ ስመጣ እበላታለሁ።» አለችኝ። «የእማዬ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሲበላ እኔ መዋጥ አቅቶኝ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

አላለቅስም ብዬ ነበር። ሳሙናው ዓይኔ ገባ በሉ።

ስለዚህ አሁን ኩባያውን ትቼ ድስቱን እየጠበቅኩ ነው። አያ ሙሉ መጥተው እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ «ይተዉ አያ፣ የሙሽራ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። የእማዬንም ፎቶ ቦታው መልሼዋለሁ።

ትምህርቱ ምንድን ነው ለምትሉኝ፦ «ርካሽ አማራጭ» የሚል ቪዲዮ ስታዩ፣ እናታችሁ ያንን ነገር መቼ መቼ ትሠራው እንደነበር ቆም ብላችሁ አስቡ። ይኸው ነው።

ለነገው መልስ ግን ጣፋጭ ማቅረብ አለብኝ፣ ኪሴም ያው የትናንቱ ኪስ ነው። አያ ሙሉ አሁንም ድፎ ዳቦ፣ ድፎ ዳቦ እያሉ ነው። በዚህ ጊዜ እሺ ብያቸዋለሁ።

ቆይ ግን፣ ድፎው ላይ ትንሽ ክሬም ጣል ባደርግበትስ?