ባላምባራስ ዓለምነው ያጠፉት ቃል

የሰውን ጠባይ በአንድ ቃል የሚቋጭ ሰው የሌለበት አገር የለም። የእኛ አገር፣ ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ ነዋሪው ባላምባራስ ዓለምነው ነበሩ። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ አልነበረም። የጠየቀም የለም፤ ጠያቂውን «ነገረኛ» ይሉታልና፤ እሳቸው ያወጡት ስም ደግሞ ከክርስትና ስም ይበልጥ ይጸናል።

«ጠባይ እንደ ቁመት ነው» ይሉ ነበር። «ሰው ካደገ በኋላ አይጨመርበት፣ አይቀነስበት።»

ዋጋዬን «ቋጣሪ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ለአባቱ ተዝካር ሁለት በሬ ቢጥልም «ለታይታ ነው» ተባለ። ደብሪቱን «ዝምተኛ» ስላሏት፣ ስትናገር የሚሰማት ጠፋ።

በ1955 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል የዘንገናው ሽባባው ቆሰበር፣ እኛ ቤት ድረስ ሽማግሌ ልኮ እኔን ለትዳር ጠየቀ። አባቴ እንደ ደንቡ ባላምባራስን አማከረ። «ቁጡ ነው» አሉት። በቃ፣ ሽማግሌዎቹ እንደመጡ ተመለሱ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ሽባባው በማግስቱ ግምጃ ቤት ሄዶ ባላምባራስ ደጅ ቆመ። የተባባሉትን የነገረኝ ኋላ ነው።

«በምን አወቁኝ፣ አባባ?»

«ገበያ መሐል በሬ ስትደበድብ አይቼሃለሁ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆንህ ነው።»

«ወንድሜን ወግቶት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

«በሬው?»

«ወንድሜ።»



በነጋታው ባላምባራስ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በዝናብ፣ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው መጥተው ቤታችን ገቡ። አባቴ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጁን ያየሁት አንድ ቀን ነው» አሉ። «ያውም የከፋውን ቀን። ቃሌን ላጥፍ መጣሁ።»

«ታዲያ ጠባዩ ምን ዓይነት ነው?» አላቸው አባቴ።

«አላውቅም።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። «ሽማግሌዎቹን አስጠራና አንተው እየው። ልጅቱንም ጠይቃት።»

አባቴ ዘወር ብሎ አየኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ግን «ይምጣ» አልሁ።

እናቴ ውሃ አሙቃ ሰጠችኝ፤ እግራቸውን አጠብሁ። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራቸው ባላምባራስ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ፣ ጣታቸው በእሾህ ደምቶ ነበር። ጭቃው ከለቀቀም በኋላ ቶሎ አላቆምሁም። ቁልቁል ትክ ብለው አዩኝ።

«ይህች ልጅ እኮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።