ለመርዳት የመጡ

[የሆስፒታል ኮሪደር። ከሕሙማን ክፍል በር አጠገብ አንዲት ወንበር አለች። ጋሼ ተንሰራፍተውባታል። ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ አለቃ ናቸው፤ የማያውቁት ነገር የለም። ታናሽ እህታቸው ውስጥ ተኝታለች። ባሏ ጎሚስታው ቆሞ ይጠብቃል። ምስኪን! ጎማ ማንሣት ያውቅበታል፤ ሰው ማስነሣት ግን አይሆንለትም።]

ጎሚስታው፦ ጋሼ፣ ወንበሯ እኮ የአስታማሚ ናት።

ጋሼ፦ እኔስ ምንድን ነኝ? መንገደኛ? ቤቴ እዚሁ ማዶ ነው፤ ቀድሜ ደረስኩ፣ ቀድሜ ተቀመጥኩ።

ጎሚስታው፦ ነርሷ "አንድ ወንበር፣ አንድ አስታማሚ" ብላለች። ዶክተሩ ደግሞ እንቅልፍ ወስዷት ሕመሙ ከቀነሰላት ዛሬ ውኃ ትቀምሳለች ብሏል። የመጀመሪያዋን ጉንጭ ስትጠጣ አጠገቧ ልሁን ጋሼ። "እንዳትጠፋብኝ" ብላኛለች። ቤቱም ያለሷ ጭር ብሎብኛል።

ጋሼ፦ በሽታዋን እንኳ ሳታውቅ አጠገቧ ሆነህ ምን ልትፈይድላት?

ጎሚስታው፦ ቆሽቷ ነው አሉ። [ግራ ቀኝ አይቶ] ጋሼ፣ ዕለት በዕለት "ቆሽቴን አሳረርከው" ስትለኝ ለወግ መስሎኝ ነበር። የምሯን ነው እንዴ?

ጋሼ፦ ወይ አንተ ሰው! አንተ አይደለህም፣ ጠጠር ነው! ከሐሞት ከረጢት የወጣች ጠጠር መተላለፊያውን ዘጋችው። ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫል፤ መውጫ ሲያጣ የራሱን ሥጋ መፍጨት ያዘ።

ጎሚስታው፦ የገዛ ሥጋውን!

ጋሼ፦ የገዛ ሥጋውን! የተጎዳው ሥጋ ታዲያ "የሰው ያለህ!" ብሎ ይጮኻል። ነጭ የደም ሴሎች ይሰሙና እየሮጡ ይመጣሉ።

ጎሚስታው፦ እሰይ! ደረሱላት።

ጋሼ፦ ምን እሰይ አለው! ጣጣው እዚህ ጋ ነው። [ስልካቸው ይጮኻል] ሃሎ! አዎ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ፣ ሰው ይዛችሁ ኑ! እትዬንም፣ ልጆቿንም፣ ጎረቤቶቿንም! [ይዘጋሉ] የት ደርሼ ነበር?

ጎሚስታው፦ ነጭ ሴሎቹ እየሮጡ ሲመጡ።

ጋሼ፦ እ! የመጡት ሌሎች ይጠራሉ፣ የተጠሩትም ሌሎች። አንዱ የሞተውን ሲያነሣ፣ አንዱ መርዝ ሲረጭ፣ ደህናው ሥጋ አብሮ ይጎዳል። ከባሰማ ግርግሩ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል!

ጎሚስታው፦ ምን ነካቸው? ጠላት ናቸው እንዴ?

ጋሼ፦ ኧረ ለመርዳት ነው የመጡት! ክፋት የለባቸውም፤ ሲበዙ ነው ቤት የሚያፈርሱት። እኔን ጠይቀኝ! ስንቱን ቃጠሎ ሳጠፋ፣ ከእሳቱ ይልቅ ባልዲ ይዞ የሚጋፋኝ ሰው ነበር መከራዬን ያሳየኝ።

ጎሚስታው፦ ታዲያ መጣራቱን ቢተዉትስ?

ጋሼ፦ እሱማ ከሆነ ይበርዳል! ሲበርድ ደግሞ ከመካከላቸው ጠባያቸውን ለውጠው መጠገን የሚጀምሩ አሉ። [ስልክ] ሃሎ! የድሮ ጓዶቼ በሙሉ? ጎሽ! በመኪናው ኑ፣ በትልቁ!

[ከታች የብዙ ሰው ኮቴና ጫጫታ ይሰማል። ከክፍሉ ውስጥ ሚስትየው ታቃስታለች። ጎሚስታው ወደ ደረጃው ዞረ።]

ጎሚስታው፦ ጋሼ፣ አንዴ መጣሁ።

ጋሼ፦ ሂድ፣ ሂድ! መንገዱን አሳያቸው!

[ይወርዳል። ጋሼ የቀረ ዘመድ እንዳይኖር ሲደውሉ ቆዩ። እሱም ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል።]

ጋሼ፦ ሰዎቹስ?

ጎሚስታው፦ መንገዱን አሳየኋቸው።

ጋሼ፦ ታዲያ የታሉ?

[በሩ ይከፈታል። ነርሷ ብቅ አለች።]

ነርሷ፦ ጥሩ እንቅልፍ ተኝታ ነቃች፤ ሕመሙም ቀንሶላታል። ዶክተሩ ውኃ ትሞክር ብሏል። አስታማሚዋ ማነው? አንድ ሰው ብቻ!

ጋሼ፦ [ብድግ ብለው] እኔ ነኛ! [ስልካቸው ይጮኻል] ሃሎ? ምነው ባለቤቴ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ! ምን? ሶፋው ተሰበረ? ደግሞ ማነው ቧንቧውን የነቀለው? ሊጠግንልሽ? የእሳት አደጋው መኪናስ አጥሬን ምን አድርጎ ገባ? እንዴ! ማነው እኛ ቤት የላካቸው?

ጎሚስታው፦ እኔ ነኝ ጋሼ። "ጋሼ ማዶ ቤታቸው እየጠበቋችሁ ነው፤ የቀረ ሰው ካለም ጠርታችሁ ሂዱ" አልኳቸው።

ጋሼ፦ [ወደ ደረጃው እየሮጡ] ቤቴን ሊያፈርሱት ነው! የሰው ያለህ!

[ጎሚስታው ወንበሯን አንሥቶ ወደ ሚስቱ ሲገባ፣ በሩ ላይ ዞር አለ።]

ጎሚስታው፦ ኧረ ጋሼ፣ ሰው አይጥሩ! ያሉትም ለመርዳት ነው የመጡት!