ግድግዳው ሲገመገም

(ሸዋ ሮቢት፤ ደርግ ከወደቀ ሦስት ዓመቱ። ከደብረ ሲና ተዛውሮ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ፍቃዱ የተከራያት አንዲት ክፍል። ግድግዳዋ ከወለል እስከ ጣሪያ የደርግ ዘመን ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ፍቃዱ ቢላዋ ይዞ ወንበር ላይ ቆሟል። የቤቱ ባለቤት፣ ሽንኩርት ነጋዴው ጋሼ ሙሳ፣ በሩ ላይ ቁጢጥ ብለዋል።)

ፍቃዱ፦ አልኩ አይደል! ይሄ ግድግዳ ዛሬ ራቁቱን ይቀራል!

ሙሳ፦ አንተ ልጅ፣ ግድግዳው ምን በደለህ?

ፍቃዱ፦ ማጭድና መዶሻው አይታይዎትም? ራስጌዬ ሰልፍ፣ ግርጌዬ ሰልፍ! ገና ፊቴን ሳልታጠብ «ወደፊት!» ይሉኛል።

ሙሳ፦ ግርጌ ያሉትስ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰልፈኞቹ ከመስኮቱ በላይ ነው ያሉት።

ፍቃዱ፦ ጋሼ ሙሳ፣ ይሄ የጌጥ ጥያቄ አይደለም፤ የመስመር ጥያቄ ነው! ነገ ገምጋሚዬ እዚህ ምሳ ይበላል። ይሄን ካየ «ያለፈው ሥርዓት ርዝራዥ» ብሎ ከሥራ ያባርረኛል።

ሙሳ፦ ማነው የሚመጣው?

ፍቃዱ፦ ትልቅ ሰው! የነቃ ሰው!

ሙሳ፦ የትኛው ትልቅ ሰው?

ፍቃዱ፦ ቢነግሩዎት ያውቁታል? (ይፍቃል)

ሙሳ፦ እሺ፣ ሌላውን ፋቅ። ያችን የጥጓን ፎቶ ብቻ ተውልኝ። ጢሙን ያጎፈረውን፣ ግራ እጁን ጨብጦ ያነሳውን።

ፍቃዱ፦ እሱን? የሁሉም አውራ እኮ እሱ ነው! አፉን አከፋፈቱን አያዩም? ስሙንማ ምስጥ በልቶታል።

ሙሳ፦ ከአንተ በፊት ሦስት ሠራተኛ ተከራይቷል፤ አንዱም አልነካው። ሦስቱም ሹመት አግኝተው ነው የወጡት።

ፍቃዱ፦ በሥራቸው ነዋ! በግድግዳ ሹመት ተገኝቶ ያውቃል?

ሙሳ፦ ወላሂ ትጸጸታለህ።

(ፍቃዱ ፎቶውን ገንጥሎ ይጥለዋል። የጋሼ ሙሳ ፍየል ገብታ፣ የተለጠፈበት የዱቄት ሙጫ ጣፍጧት፣ ታላምጠው ጀመር።)

ፍቃዱ፦ ድል! ምስጡም ነቃ፣ ፍየሏም ነቃች፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት!

ሙሳ፦ (በረጅሙ ተንፍሰው) አሁንስ ትነግረኛለህ? ማነው የሚመጣው?

ፍቃዱ፦ አቶ ተክሌ!

ሙሳ፦ እንግዲያው ፍየሏ አፍ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ፍቃዱ፦ ምን አሉ?

ሙሳ፦ ጢሙን ተላጨ እንጂ ተክሌ ነው። በደርግ ጊዜ እዚችው ክፍል ተከራይቶ «ጋዜጣ ላይ ወጣሁ» ብሎ በገዛ እጁ ለጠፈው።

ፍቃዱ፦ ኧረ በነቢ!

ሙሳ፦ ዛሬ ቅደዱት እንዳይል «ለምን?» መባሉን ይፈራል። ተከራይ ሊገመግም ይመጣል፣ ቁጭ ይላል፣ ጥጉን ያያል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። «ሙቀቱ ነው» ይላል። ከዚያ «ይሄ ልጅ የተመሰገነ ሠራተኛ ነው» ብሎ ምሳውን ሳይጨርስ ይወጣል።

ፍቃዱ፦ (ዘሎ ወርዶ የፍየሏን አንገት ያንቃል) ትፊው! ትፊው አንቺ! ጋሼ ሙሳ፣ የዱቄት ሙጫ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሙሳ፦ እኔ መች ነቃሁና? ነገ ሲመጣ ተክሌን ጠይቀው።