የጫማ ካርቶን ኮምፒውተር ስለ መሠራቱ

ፍሪጁ ተፈትቶ ሳይገጠም በቀረ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ፈተና፣ ካቻቢቴ ጨባጭ፣ ገመድ ላጭ፣ ሥይምተ ብሎን ወለተ ልብስ ሰፊ ያለ ማንም እርዳታና ያለ አንዲት ስሕተት፣ ድምፅም ሥዕልም የሚያወጣ፣ ለርቀት ተማሪ የሚሆን ርካሽ ኮምፒውተር የሠሩበት ታሪክ ይህ ነው፤ ጸሐፊዋም ራሳቸው ናቸው፣ ሌላ ማን ይጻፍላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ልብስ እየሰፉ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነትን በርቀት ይማሩ ነበርና፣ ትምህርቱ ሁሉ በቪዲዮ ሆኖ በፍላሽ ተሰጣቸው፤ ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀር ግን ፍላሹ የሚሰካበት ነገር ቤት ውስጥ ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ፤ ከወደቁም ዓመቱን ሊደግሙ ነው። ያን ጊዜ ጀግናይቱ የራሳቸውን የትምህርት ቤት ደብተር ከድነው፣ በርጩማ ላይ ወጥተው፦ «እናቴ ሆይ፣ አንቺ መርፌሽን ያዢ፣ ኮምፒውተሩን ለእኔ ተይው!» ብለው አዋጅ አስነገሩ።

ያለ ማንም እርዳታ እንደ ተባለው፣ የተከተሏቸው እነዚህ ብቻ ናቸው፦ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ የሰጡት፣ ብየዳውንም የበየዱት፣ ሐሳቡንም ያመጡት ቴሌቪዥን ጠጋኙ አጎት፤ ቴሌቪዥናቸውን ለስክሪን አውሰው ተከታታይ ድራማቸውን የሠዉት አያት፤ የላፕቶፑ ሆድ ዕቃ የሚቀመጥበትን ካርቶን የለገሱት ጫማ ሻጯ አክስት፤ የላፕቶፑ ድምፅ ሞቶ ነበርና፣ የድምፅ ማጉያውን ያዋሰው ባለ ጋሪው ሽንኩርት ሻጭ።

ማጉያውንም ጀግናይቱ፣ ሽንኩርት ሻጩ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ አፉን ወደ መንገድ አዙረው መስኮቱ ላይ ጠፍረው አሰሩት፤ ይህም ስሕተት አይደለም፣ ልማድ ነው። በተሰካም ጊዜ ቴሌቪዥኑ በራ፣ አያት አጨበጨቡ፤ ድምፁ ግን ለእናት ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ሲሰማ መንገዱን አናወጠው። የሰፈሩ ሴቶች ሽንኩርት መጣ ብለው ፌስታላቸውን እንደ ያዙ እየሮጡ ቢደርሱ፣ «ያለቀሰን ሕፃን አትቆጡ፣ ተንበርከኩና ዓይኑን እዩ» የሚል ሰሙ። ስድስት ልጅ ያሳደገች አንዲት ባለ ፌስታልም፦ «ስድስቱንም ተንበርክኬ ባሳድግ ጉልበቴ የት ይደርስ ነበር? ደግሞስ ሽንኩርቱ የታለ?» ብላ አወጀች።

ወእምዝ እናት በመስኮት ብቅ ብለው ይመልሱላት ጀመር፤ ሴቶቹ ሲከራከሩ እሳቸው ሲያስረዱ፣ የጠፋቸውን ሮጠው ገብተው አይተው ሲመለሱ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ምዕራፍ በምዕራፍ እንዲህ ሆነ፤ ትምህርቱም ከአፋቸው እንደ ውሃ ይወርድ ጀመር። ጀግናይቱ በሦስተኛው ቀን ማጉያውን ሊያዞሩ እጃቸውን ቢዘረጉ፣ ሴቶቹ፦ «ብትነኪው ወዮልሽ!» ብለው ስላወጁ ተዉት፤ ኋላም «ድሮም አስቤበት ነው» አሉ።

ውጤት በመጣ ጊዜ እናት በከፍተኛ ማዕረግ አለፉ። ጀግናይቱም ወረቀቱን ነጥቀው፣ በርጩማው ላይ ወጥተው፦ «ከካርቶን ዩኒቨርሲቲ ያነጹ፣ ለመንገደኛ ዕውቀት ያዘነቡ፣ እናታቸውን ያሳለፉ ኃያሊት ክብር ይገባቸዋል፤ ከዛሬም ጀምሮ ዕቃ አያጥቡም!» ብለው ሲያውጁ፣ እናት ከስፌታቸው ቀና ብለው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«የእኔን አየሽው አይደል? ያንቺ ካርድ የታለ?»