ስለ ሚዜዋ ፀጉር የተጠራ አስቸኳይ የቤተሰብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሠርጉ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ላይ ተጀመረ። ሰብሳቢው ከምሳ በኋላ አረፍ ብለው ነበር።
ቦታ፦ ሳሎን። ትልቁ ሶፋ የሚዜዎች ልብስ ስለተዘረጋበት ተሰብሳቢዎች በትንሹ ሶፋና በምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል።

የተገኙ፦
1. ታላቅ አጎት፣ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ — ሰብሳቢ (ራሳቸውን በራሳቸው የሰየሙ)
2. እናት፣ የሰብሳቢው እህት — አባል
3. አክስት፣ የእናት ታናሽ፣ የፀጉር ቤት ባለቤት — አባልና የሙያ አማካሪ
4. ወንድም፣ የቤት ስሙ «ዶክተሩ» — አባል። ስሙን ያወጡለት በስልኩ ከሚያያቸው የጤና ቪዲዮዎች የተነሣ ነው። እንጀራው ጎማ መሸጥ ነው።
5. ታላቅ እህት፣ ሙሽራዋ — አባል
6. ሁለተኛዋ ልጅ፣ ሚዜና የፀጉሩ ባለቤት — ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌላት

ያልተገኙ፦ አባት። «ስብሰባ» የሚል ቃል እንደሰሙ ግቢ ውስጥ መኪናቸው ሥር ገብተዋል። መኪናው ደህና ነው።

ድምፅ ካላቸው ስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ሰብሳቢው በማንኪያ ብርጭቆ መትተው አብሥረዋል።

የጸሐፊ ምርጫን በተመለከተ የፀጉሩ ባለቤት «የምታወሩት ስለኔ ፀጉር አይደለም እንዴ? እኔ ልናገር እንጂ ለምን እጽፋለሁ?» ስትል ጠይቃለች። ሰብሳቢው ባለጉዳይ በገዛ ጉዳዩ ድምፅ ከሰጠ አድልዎ እንደሚሆን፣ በመጋዘንም አሠራር ዕቃው ስለ አቀማመጡ ተጠይቆ እንደማያውቅ አስረድተዋል። የእጅ ጽሑፏ ስለሚነበብም በአንድ ድምፅ ተመርጣለች። አንዱ ድምፅ የሰብሳቢው ነው።

አጀንዳ 1. ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለማጽደቅ

ባለፈው ስብሰባ ማቀዝቀዣው ከመተላለፊያው ተነሥቶ ወደ ኩሽና እንዲገባ በሙሉ ድምፅ መወሰኑ ተነቧል። ዛሬ ወደ ስብሰባው የመጡት ሁሉ በማቀዝቀዣው አጠገብ በጎን ተሽሎክሉከው ማለፋቸው ሳይነሣ ቃለ ጉባኤው ጸድቋል።

አጀንዳ 2. ሁለተኛዋ ልጅ ፀጉሯን በቤት ውስጥ ራሷ መሥራቷን በተመለከተ

ጸሐፊዋ አጭር ማብራሪያ እንድትሰጥ ተፈቅዶላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ፀጉሯ በማለስለሻ ኬሚካልና በጋለ ፒያስትራ ሲለሰልስ መኖሩን፣ አምና በጆሮ ግንዷና በግንባሯ ዙሪያ ያለው ሳስቶ ሳስቶ ቆዳዋ መታየቱን፣ የቆዳ ሐኪሙም «ከእንግዲህ አንዴ ኬሚካል ከነካሽው እዚህ ጋ ያለው ተመልሶ ላይበቅል ይችላል» ማለቱን ገልጻለች። ከዚያ ወዲህ ራሷ እያጠበች፣ ገና እርጥብ ሳለ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፉ ወደ ላይ እየፈታች፣ ላላ አድርጋ እየጠቀለለች፣ ማታ በሐር መሳይ ሻርፕ አስራ እንደምትተኛ፣ የሳሳውም ቦታ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ሆኖ መብቀል እንደጀመረ ልትናገር ስትል ሰብሳቢው ብርጭቆውን መትተው «አጭር ነው የተባለው» ብለዋል።

አክስት ቀጥለው ተናግረዋል። እሳቸው ፀጉር ቤት ከፍተው እያለ የእህታቸው ልጅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተሸሽጋ ፀጉሯን ስትሠራ ደንበኛ ቢሰማ ምን ይላል? ከአራቱ ሚዜዎች የሦስቱ ፀጉር ወርዶ ትከሻ ላይ ሲተኛ የአራተኛዋ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ ማን ነው የሚታየው? «ሙሽራዋ ናት ወይስ እሷ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሙሽራዋ ስልኳ ላይ ስለነበረች አልመለሰችም።

እናት «አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ምን ይላታል?» የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። ይኸው ቃል ለምርቃቷ፣ ለአጎቷ ጡረታ መሸኛና ለአጎቷ ልጅ ሠርግ መነገሩን ጸሐፊዋ ታስታውሳለች። አንድ ቀን የሚሉት ቀን ዘመድ አዝማዱ ብዙ ነው።

ዶክተሩ በበኩሉ ፀጉር ፕሮቲን መሆኑን፣ እንቁላልም ፕሮቲን መሆኑን፣ ስለዚህ ጉዳዩ እዚያው ላይ እንዳለቀ አስረድቷል። ጥፍርም ፕሮቲን መሆኑን ጸሐፊዋ ስታስታውሰው «እሱ ሌላ ቪዲዮ ነው» ብሏታል።

ሰብሳቢው ውይይቱን ሲያጠቃልሉ ሠላሳ ዓመት መጋዘን ሲመሩ ልዩ ልዩ መጠን ያለው ካርቶን አንድ ላይ ተደርድሮ ቆጠራ ተሳክቶ እንደማያውቅ ጠቅሰው፣ ሚዜዎች አንድ ወጥ መሆን እንዳለባቸው አስገንዝበዋል። ጸሐፊዋ ካርቶን እንዳልሆነች ለመናገር እጇን አውጥታ ነበር፤ በያዘችው ብዕር ምክንያት አልታየችም ተብሏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሦስት ድጋፍና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። ዶክተሩ የታቀበው እንቁላሉ ስላልተካተተ፣ ሙሽራዋ የታቀበችው ስላልሰማች ነው።

ውሳኔ 1. ፀጉሩ ለሠርጉ በኬሚካልና በፒያስትራ ይለስልሳል። ሆኖም ለጤንነቱ ሲባል ሥራው በቤት ውስጥ፣ በኮሚቴ ቁጥጥር ሥር ይከናወናል።

ውሳኔ 2. ኃላፊነቱ ይከፋፈላል፦ ሥሩ ለአክስት፣ መሀሉ ለእናት፣ ጫፉ ለዶክተሩ። የግንባሩ አካባቢ አሳሳቢ በመሆኑ በቀጥታ ለሰብሳቢው ተጠሪ ይሆናል።

ለፀጉሩ ባለቤት የቀረ ክፍል አልተገኘም።

አጀንዳ 3. የመስክ ጉብኝት

ሰብሳቢው «በወረቀት ብቻ አንሠራም» በማለታቸው አምስቱ አባላት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብተዋል። ቤቱ የሚይዘው ሁለት ሰው በመሆኑ ጸሐፊዋ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማ በሰማችው መሠረት ይህን መዝግባለች።

አክስት ሰፊውን ማበጠሪያ አንሥተው «ይሄ ለፈረስ ነው ለሰው?» ብለዋል። ዶክተሩ የኮንዲሽነሩን ጠርሙስ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ከጽሑፉ ውስጥ ማንበብ የማይችለውን ቃል ሁሉ «አደገኛ ነው» ብሏል፤ አደገኛ ያልሆነው ውሃ ብቻ ነበር። እናት የሻርፑን ጫፍ በጣታቸው አሽተው ቆዩና መልሰው ሰቅለውታል። ሰብሳቢው ጠርሙሶቹ በቁመት እንዲደረደሩ ትእዛዝ ሰጥተው፣ ትእዛዙም ወዲያው በመፈጸሙ ጉብኝቱ ውጤታማ እንደነበር ተገምግሟል።

አጀንዳ 4. የናሙና ሙከራ

የእንቁላሉ ሐሳብ እንደገና ቀርቦ፣ ከዋናው ሥራ በፊት ፀጉሩ በእንቁላል «እንዲጠነክር» ታስቧል። የፀጉሩ ባለቤት ኬሚካሉንም፣ ፒያስትራውንም፣ እንቁላሉንም እንደማትቀበል በማያሻማ ቃል ተናግራለች። የተናገረችው ቃል ለቃለ ጉባኤ አይሆንም። ሰብሳቢው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተርተው፣ ደኅንነቱን በዓይኗ እንድታየው በሌላ ሰው ፀጉር ላይ ሙከራ እንዲደረግ አዘዋል።

አክስት እንዲቀርቡ ተጠይቀው ዊግ ማድረጋቸውን በመጥቀስ ተቃውመዋል። ከዊጉ ሥር ያለው ፀጉር ለምን እንደማይሞከርበት ጸሐፊዋ ስትጠይቅ «እሱ የሙያ ምስጢር ነው» የሚል መልስ ተሰጥቷል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለማን እንደሆነ ጸሐፊዋ በቃለ ጉባኤ አትጽፍም።

በዚህ መሀል ሙሽራዋ «ኧረ በኔ ሞክሩትና ገላግሉኝ! ልብስ ልለካ የምሄድበት አለኝ» በማለቷ ሙከራው በእሷ ላይ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል (ውሳኔ 3)። ጸሐፊዋ «ተይ እህቴ» ብላለች። ድምፅ ስለሌላት አልተቆጠረም።

አፈጻጸሙ እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንደሚከተለው ነበር። ዶክተሩ እንቁላሎቹን መትቶ የሙሽራዋን ፀጉር ከሥር እስከ ጫፍ ለቀለቀው። ቪዲዮው ያለው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሰብሳቢው ማጠቡን ራሳቸው ሊመሩ ተነሡ። ጸሐፊዋ በቀዝቃዛ ውሃ እንዲሆን ብታሳስብም «ቀዝቃዛ ውሃ ጀርም አይገድልም» ብለው የፈላውን ከማንቆርቆሪያ በጥቂት ውሃ አብርደው አፈሰሱት። እንቁላሉ በሰለ።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ የምትጨምረው የለም። እንቁላል በሙቅ ውሃ እንደሚበስል ጎልማሳ ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ግን ማንም አላወቀም።

አክስት ሁኔታው ከቁጥጥር ውጭ እንዳልሆነ አረጋግጠው፣ ፒያስትራው ሲነካው ደርቆ እንደሚረግፍ በሙያቸው ምለዋል። ፀጉሩ ገና እርጥብ ነበር። ፒያስትራው ጭስስ አለ፤ ቤቱን የኦሜሌትና የቃጠሎ ሽታ ሞላው፤ አክስት ሲያነሡት ከሙሽራዋ ጆሮ ግንድ በላይ የነበረ አንድ ጉንጉን የሚያህል ፀጉር ከፒያስትራው ጋር አብሮ ተነሣ።

ከዚያ አክስት «የሞተ ጫፍ ነው» አሉ። የተቆረጠው ግን ከሥሩ ነው። ዶክተሩ ሌላ እንቁላል ይጨመር እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው ደግሞ ሁኔታው በቃለ ጉባኤው «በዕቅድ የተከናወነ ቅነሳ» ተብሎ እንዲያዝ አሳስበዋል። ጸሐፊዋ ያሉትን እንዳሉት ይዛዋለች።

ሙሽራዋ መስታወት አየችና አለቀሰች። «ስምንት ቀን ነው የቀረኝ! ጉድ አደረጋችሁኝ!» እያለች መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ «ነይ እስቲ አንቺ፣ ወረቀቱን ጣይው» አለች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ጣለች። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያለው በኋላ በትዝታ የተጻፈ ነው።

ሌሎቹ እንዲወጡ ተደርጎ በሩ ተዘጋ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ተደረገ። ኮንዲሽነሩ ሳይሰሰት ፈሰሰ። የበሰለው እንቁላል በጣት እየተለቀመ ወጣ። ማበጠሪያው ከጫፉ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ጸሐፊዋ እስከዚህ ድረስ ንዴት ብቻ ነበረባት፤ የእህቷን የተቃጠለ ጆሮ ግንድ በጣቷ ስትነካው ግን ማበጠሪያውን አስቀምጣ ቦታውን በውሃ ታቀዘቅዘው ጀመር።

ሙሽራዋ ቀና ብላ የጸሐፊዋን ግንባር ከቅርብ አየችው።

«ይሄ ሁሉ አዲስ የበቀለ ነው?»

«አዎ።»

«ሳላየው ቀረሁ እኮ። የኔስ ይበቅላል?»

«ከተውሽው ይበቅላል። ከተዉሽ ማለቴ ነው።»

ሰብሳቢው በሩን ከፍተው ምልዓተ ጉባኤው መጓደሉን አሳስበዋል። ሙሽራዋ «ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ በሩን ይዝጉልኝ» ብላለች።

አጀንዳ 5. ልዩ ልዩ

ሙሽራዋ ራሷን በፎጣ ጠቅልላ ወጥታ ስብሰባው እንዲቀጥል ጠይቃለች። ብርጭቆውንም የመታችው እሷ ናት። አክስት አሁንም የፎቶውን ጉዳይ ሊያነሡ ሲሉ «ፎቶው የኔ ነው እትዬ፣ ሠርጉም የኔ ነው፤ ፀጉሯ ደግሞ የሷ ነው» በማለት አቋርጣቸዋለች። ቀጥላም ሐሳቧን አቅርባ እጇን አወጣች። እናት አወጡ። ዶክተሩ እናቱን አይቶ አወጣ። ሰብሳቢው ሦስት እጅ ሲቆጥሩ እሳቸውም ከመጀመሪያው በዚህ ሐሳብ እንደነበሩ አስታውሰው አወጡ። አክስት ዊጋቸውን እያስተካከሉ ስለነበር እጃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል።

ውሳኔ 4. ከውሳኔ 1 እስከ 3 ያሉት ሁሉ ተሽረዋል። ሚዜዋ በገዛ ፀጉሯ፣ እንደ በቀለ፣ ለሠርጉ ትቆማለች። የሙሽራዋንም ፀጉር የምትሠራው እሷው ናት፣ እዚሁ ቤት፣ ያለ ኬሚካልና ያለ ፒያስትራ። ኮሚቴው ፈርሷል፤ የማንንም ፀጉር አይመለከትም።

ሰብሳቢው ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ፊት «ለጊዜው» የሚል ቃል እንዲገባ ጠይቀዋል። አልገባም።

ሌሎቹ ሲበታተኑ እናት ከመመገቢያ ወንበሮች አንዱን ወደ መስኮቱ ስበው ተቀመጡና የራስ ሻርፓቸውን ፈቱ። ጸሐፊዋ የእናቷን ፀጉር ሳይሸፈን ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ከግንባሩ ወደ ኋላ ርቆ ሸሽቷል፤ በጎንና በጎኑ ያለው የለም። እናት ወደ መስኮቱ እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ እይልኝ። ዘግይቷል መሰለኝ፤ የቀረውን ግን እንዳይሄድብኝ» አሏት። ጸሐፊዋ የፀጉር ዘይት መዳፏ ላይ አሙቃ ጀመረች።

ስብሰባው 12፡20 ላይ ተዘግቷል። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤው ተነቦ እንዲፈረም መተላለፊያው ላይ ቆመው ሲጣሩ፣ እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ «ይጠብቁ ጋሼ፣ ልጄ እጇ ሥራ ላይ ነው» ብለዋቸዋል።