ሥራ የለኝም፣ እንዲሁ እሠራለሁ

አማርኛችን ስለ ሥራ የሚናገረው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሥራ "ይያዛል"። አንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ በኋላ የሰፈር ሰው ሁሉ እናቱን መንገድ ላይ እያስቆመ "ልጅሽ ሥራ ያዘ?" ይላታል። ሥራ የሚባለው ነገር ግቢ ውስጥ እየሮጠ ያስቸገረ ዶሮ ይመስል! የያዘ ያዘ። ያልያዘው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ቢውል እናቱ አንገቷን ደፍታ "ኧረ ምን ይዞ፣ እንዲሁ ይሠራል እንጂ" ትላለች።

ይህችን "እንዲሁ ይሠራል" የምትለዋን አነጋገር ልብ በሉልኝ። አንድ የኢኮኖሚክስ ዶክተር ለእሷ ሲል አንድ ወር ሙሉ ተንከራቷል። እኔም አብሬው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ምንም ሳልይዝ፣ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሜ ወንዙን እያየሁ እውላለሁ። ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ዶክተር ቤት ለቤት እየዞረ ቅጽ የሚሞላለት ሰው ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። የእጅ ጽሑፌን አየ፣ ወደደው፣ ቀጠረኝ። ለአንድ ወር ብቻ፣ በቀን ክፍያ፣ ያለ ምንም ውል። ጥናቱ ስለ ምን ነበር አትሉኝም? ቋሚ ሥራ ሳይኖራቸው፣ በቀን ክፍያ፣ ያለ ምንም ውል ስለሚኖሩ ሰዎች። ያኔ ነገሩ አልከነከነኝም። ልጅ ነበርኩ።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አንተ በለኝ ብሎ ግድ አለኝ፣ እኔም አንተ አልኩት። ማወቅ የፈለገው ደመወዝተኛው ምን አግኝቶ ያድራል፣ ደመወዝ የሌለውስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ምን ያህል ሰፊ ነው የሚለውን ነው። ችግሩ ጥያቄዎቹን በእንግሊዝኛ አስቦ በአማርኛ መጻፉ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አይደል የሚባለው? የመጀመሪያው ጥያቄ "ሥራ አለዎት?" ይላል። ሰውየው የለኝም ካለ፣ "ሥራ ፈት" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ የቀረውን ዘልዬ፣ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ። ቀላል ነው። ለእኔ ማለቴ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያገኘኋቸው ጋሽ ተሰማን ነው። የአንድ የመንግሥት መጋዘን ዘበኛ ናቸው። መጋዘኑ ባዶውን ከቀረ ቆይቷል። ጋሽ ተሰማ ግን በሩ ላይ ወንበራቸውን አስደግፈው፣ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ይጠብቁታል። ሥራ አለዎት ወይ ስላቸው ኮፍያቸውን ቀና አድርገው ተቆጡኝ። "እንዴታ! የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ" አሉ። ጻፍኩ።

ቀጥሎ እማማ ዘነበች ናቸው። ትውልዳቸው ከካራ ወዲያ፣ ከገበሬ ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ቀበና ይኖራሉ። በየቀኑ ሳይነጋ እንጦጦ ይወጣሉ። የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ አስረው፣ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ሸክም አዝለው በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ይወርዳሉ። ደን ጠባቂ ካልያዛቸው ማለት ነው። እኔ ስደርስ ሸክሙን አጥር ላይ አስደግፈው፣ ገመዱን ከደረታቸው ሳይፈቱ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። እማማ፣ ሥራ አለዎት ወይ አልኳቸው።

"ከየት አምጥቼ ልጄ? ሥራማ ቢኖረኝ እንጨት እሸከም ነበር?"

እኔ ጅሉ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? "ሥራ ፈት" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሸክማቸው ሥር ሆነው እያዩኝ! ቅጹ ዝለል ቢለኝም እንዲያው ለወጉ ያህል "ገቢዎስ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ማታ ነው የምገባው። ምነው፣ ልትመጣ ነው?" አሉኝ።

በሳምንቱ ቅጾቹን ሰብስበን ስናይ ቀበና ውስጥ የሚሠራ ሰው የለም። ልብስ አጣቢዋ ሥራ የለኝም ብላለች። ጠላ ሻጯ ሥራ የለኝም ብላለች። ጫማ ሰፊው መርፌውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ሥራ የለኝም ብሏል። በእኔ ወረቀት መሠረት ሰፈሩ ሁሉ ተኝቷል፣ የነቃ ቢኖር ጋሽ ተሰማ ናቸው። ዶክተሩ ፀጉሩን እያሻሸ "ታዲያ ይህ ሕዝብ ምን በልቶ ነው የሚያድረው?" አለ። መልሱን ከእኔ ጠብቆ ነበር መሰለኝ። እኔ ምልክት ለማድረግ እንጂ ለማሰብ አልተቀጠርኩም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሳቅ ነው። ሳቁ የቆመው እማማ ዘነበች አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ቤታችን ሲመጡ ነው። ለካ የቀበሌው ሊቀመንበር ጥናቱን የፈቀዱት፣ ሲያልቅ የሥራ ፈቶቹ ስም ዝርዝር እንዲሰጣቸው ነው። ዶክተሩም ተራ ወረቀት መስሎት እሺ ብሏቸዋል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሥራ ፈት እየታፈሰ ወደ ሩቅ እርሻ ይጫናል የሚባልበት ጊዜ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያጣራል? እማማ ዘነበች ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ አሉ። በሩ ላይ እንደቆሙ ያን ወረቀት መልስልኝ አሉኝ። እሳቸውስ የትም ይጣሉ፣ ልጅቱ ግን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል፣ ማን ያበላታል?

እኔም አፌን ሞልቼ "እማማ፣ ሥራ የለኝም ያሉት እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"ታዲያ አለኝ ብዬ ልዋሽ?"

አፈርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። ልጃቸውን ሊያጡ ተቃርበው እንኳ መዋሸት አልሆነላቸውም። እኔ ደግሞ እውነታቸውን ተቀብዬ ነው ውሸት የጻፍኩት።

በማግስቱ ለዶክተሩ ነገርኩት። አዘነ። ግን የተሰጠ መልስ አይሰረዝም፣ ሳይንስ ነው አለኝ። ደሜ ፈላ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "ሳይንሱ ያለው ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንጦጦ ላይ ነው፣ ና ላሳይህ" አልኩት። ተባረርኩ ብዬ ስጠብቅ ስንት ሰዓት እንነሣ አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ወጣን። እማማ ዘነበች ከሩቅ ሲያዩን ደን ጠባቂ መስለናቸው ዛፍ ጀርባ ተደበቁ። እኔ መሆኔን ሲያውቁ ረግመውኝ ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። ቁልቁል ስንወርድ እሳቸው ከነሸክማቸው ከፊት፣ ዶክተሩ ባዶ እጁን ከኋላ ነበር። ትንሽ ሄደው ሸክሙን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ይቆማሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ፣ እንደገና ይቆማሉ። ዶክተሩ ደብተሩ ላይ "በየመንገዱ ብዙ ያርፋሉ" ብሎ ጻፈ። አንድ ቦታ ላይ እያለከለከ ደረሰባቸውና በጣም ይደክምዎታል አይደል አላቸው። "እርስዎን ስጠብቅ ነው እንጂ እኔስ ቤቴ በደረስኩ" አሉት። ደብተሩ ላይ የጻፈውን ሰረዘ። ሳይንስ ለካ ይሰረዛል!

ለጋሲዮን ስንደርስ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና "እማማ፣ ይህ የሚያደርጉት ሥራ አይደለም?" አላቸው።

"ይሄ?" አሉ፣ ጀርባቸውን በዓይናቸው ሊያዩ እየሞከሩ። "ይሄማ ኑሮ ነው።"

ዶክተሩ ከደብተሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ አወጣና "ሥራ አለዎት?" የሚለውን ሰርዞ "ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?" ብሎ ጻፈበት። ሰፈር ስንደርስም የቀድሞዎቹን ቅጾች በሙሉ ለእማማ ዘነበች ሰጣቸው። እሳት ለማያያዝ ከቅጠል ይሻላል አሉ።

በቀረችን ጊዜ ቤቱን ሁሉ እንደገና ዞርን። ወገኖቼ፣ ሰው ትናንትናውን ተጠይቆ መቼ ይጨርሳል! ሥራ የለኝም ያለችው ልብስ አጣቢ ያጠበችውን አንሶላ በባለቤቱ ስም ቆጠረችልኝ። የእማማ ዘነበች መልስ የቅጹን ጀርባ ጭምር ሞላው። ከሰፈሩ ሁሉ "ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?" ስለው "ምንም" ብሎ የመለሰ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ተሰማ። እሳቸውም እውነተኛ ሰው ናቸው። ትናንት ተረኛ ነበርኩ፣ ምንም አልሠራሁም አሉኝ።

ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን ሲቀበሉ አንድ ስም ብቻ አገኙ። የጋሽ ተሰማን። ጋሽ ተሰማ ደግሞ የሊቀመንበሩ እህት ባል ናቸው። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ "ይህ ጥናት ገና ብዙ ይቀረዋል" ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። የእማማ ዘነበች ልጅ ተፈተነች፣ አለፈችም።

ዛሬ የተማሩት ሰዎች "መደበኛ ያልሆነ ሥራ" የሚል ስም አውጥተውለታል ሲባል እሰማለሁ። መደበኛ ያልሆነ! እማማ ዘነበች ከእሑድና ከበዓል በቀር ያን ተራራ ሳይወጡ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። ባዶ መጋዘን መጠበቁ ግን መደበኛ ነው። ዶክተሩ ያለው ገደል ከደመወዙ በፊት ሥራ በሚለው ስም ላይ ነው የተቆፈረው፤ ይህን ያለኝ እሱ ራሱ ነው፣ ስንለያይ።

ወሩ አለቀና እኔም ወደ ድልድዬ ተመለስኩ። ወንዙን እያየሁ ቆሜ ሳለ እማማ ዘነበች ከነሸክማቸው ደረሱ። ያ መጠየቁ አለቀ ወይ አሉኝ። አለቀ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?" አሉኝ።

ያን ጥያቄ ለስንቱ ሰው አቅርቤዋለሁ። እንዲህ የሚያቃጥል መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። "ምንም" አልኩ።

እማማ ዘነበች ሸክሙን የድልድዩ ግንብ ላይ አስደግፈው ከላይ ያለችውን አንዲት ትንሽ እስር ፈቱና ወደ እኔ ዘረጉ። "እንካ፣ ያዝ" አሉኝ።

ያዝኩ። እነሆ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የያዝኩት ያን ዕለት ነው። ድልድዩን እንደተሻገርን ትንሽ እንረፍ ብዬ ለመንኳቸው። ቆመው ጠበቁኝ።