የአርበኞቹ ኮረብታ ጉብኝት

ስሙን ብንጠራው ትሕትናው የሚቀየምብን አንድ ጽሕፈት ቤት በአዲስ አበባ ዙሪያ አለ። ከዙሪያው ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ታሪክን አጥብቆ የሚያከብረው እሱ ነው። ይህን የምናውቀው ራሱ ደጋግሞ ስለነገረን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች የወደቁባቸውን ስፍራዎች የሚያስጎበኝ የአንድ ቀን ጉዞ አዘጋጅቶ እኛን ጋበዘ።

የክብር እንግዳዋ አዴ ድንቅቱ ነበሩ። እሳቸው ገና በእናታቸው ሆድ ሳሉ አባታቸው ሱሉልታ አቅጣጫ ካለ አንድ ኮረብታ ላይ ሲዋጉ ወደቁ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። አዴ ድንቅቱ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ በየዓመቱ ኮረብታውን ይወጡ ነበር። ልጃቸው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከወሰደቻቸው ወዲህ ግን አላዩትም።

«ሳልሞት አንዴ ልየው ብዬ ነው የመጣሁት» አሉት አስጎብኚውን፣ አውቶቡሱ ላይ ደግፎ ሲያወጣቸው።

«አያስቡ እማማ፣ ዛሬ ፏ ብለው ነው የሚመለሱት» አለ ወንዲ። ወንዲ የታሪክ ዲግሪም ድምፅ ማጉያም አለው፤ አብዝቶ የሚጠቀመው በሁለተኛው ነው።

ጉዞው የተጀመረው ጽሕፈት ቤቱ በራፉ ላይ ካቆመው አዲስ ሐውልት ሥር ነው። ኃላፊው ኦቦ ዲሪርሳ «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ ሐውልቱ ትናንትን ከነገ ጋር በዘላቂነት የሚያስተሳስር መሆኑን አስረዱ። ዛሬን ዘለሏት። አጨበጨብን።

ሰበታ ያለው ስፍራ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ከአውቶቡስ ሳንወርድ፣ በመስኮት በኩል አከበርነው። ቡራዩ ላይ ግን ወርደን የኅሊና ጸሎት አደረግን። መታሰቢያው በብረታ ብረት ቤቶች መሃል ነው። ወንዲ ሠራተኞቹ ብየዳውን ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆሙ ጠየቃቸው።

«መብራት ገና አሁን መምጣቱ ነው፣ ወንድሜ» አሉት።

ስለዚህ በብረት መቁረጫው ጩኸት መሃል በጸጥታ ቆምን። ኦቦ ዲሪርሳ ጸጥታችንን አመሰገኑ፤ ቃላቸውን ግን አልሰማነውም።

ሱሉልታ ስንቃረብ አዴ ድንቅቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው የሹፌሩን ወንበር ይዘው ቆሙ። አውቶቡሱ አቧራ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«ልጄ፣ ለምን ቆምን?»

«ደርሰናል፣ እማማ።»

«ኮረብታው የታለ?»

ከፊታችን ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ከውስጡ አንድ ኤክስካቫተር እየቆፈረ ገልባጭ መኪና ላይ ይጭናል። ኦቦ ዲሪርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኮረብታው ጠፋ አይባልም፣ አዴ። ወደ ማዕከል ተዛወረ እንጂ። ጠዋት ያዩት ሐውልት የተሠራው ከዚህ በወጣ ድንጋይ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ድንጋይ ለጀግኖቻችን አይመጥንም ብለን ነው። የተረፈው ደግሞ ለልማት ይውላል።»

አዴ ድንቅቱ በምርኩዛቸው ጉድጓዱን ጠቆሙ።

«አባቴስ?»

«አባትዎ ዛሬ በሁላችንም ልብ ውስጥ ናቸው።»

«ልባችሁ ውስጥ ስታስገቡት አጥንቱን ማን አነሣው?»

ኦቦ ዲሪርሳ ወንዲን አዩት። ወንዲ ስልኩን አየ።

«በጥናቱ ወቅት» አሉ ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚህ መቃብር አለ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ይኸው ዛሬ ጠርተንዎታል።»

ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? እኛም አናጨበጭብ ነገር፣ እጃችን እንቢ አለን። አዴ ድንቅቱ ማንንም አልተሳደቡም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፣ ከአፋፉ ላይ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ አነሡ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ አቧራዋን ጠርገው ነጠላቸው ውስጥ ቋጠሯት።

ወንዲ ይህን ሲያይ ሙያው ትዝ አለው። ሮጦ ደረሰባቸው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከታሪካዊ ስፍራ ምንም ማንሣት አይቻልም። ቅርስ ነው፣ ሕጉ በጥብቅ ይከለክላል።»

ይህን ሲናገር ገልባጩ መኪና ኮረብታውን እስከ አፉ ጭኖ በጀርባው አለፈ። ኦቦ ዲሪርሳ እንዳይገጩ ጥግ ያዙና በእጃቸው አሳለፉት። አቧራው ገለል እስኪል ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ጠበቅን።

ስንገልጥ አዴ ድንቅቱ ቋጠሮውን ፈትተው ድንጋይዋን በመዳፋቸው ይዘዋታል።

«እውነትህን ነው ልጄ፣ ሕግ ይከበር» አሉና ሰጡት። «በል፣ ከነበረችበት መልስልኝ። አባቴ ራስጌ ነበረች።»

ወንዲ ድንጋይዋን ተቀብሎ እስከ አፋፉ ሄደ። ወደ ታች አየ፤ ቀጥሎ ቀና አለ። የሚመልስበት ቦታ ከራሱ በላይ፣ የሦስት ፎቅ ያህል ከፍ ብሎ፣ አየር ላይ ነበር።